የኋላው ክፍል መስመር

ሰኞ፣ 3

የባለቤቴ እህት ልጅ፣ ሹፌሩ፣ ዛሬ መጣ። ባለቤቴ ካረፈ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ከቀብሩ ወዲህ ደጄን ሲረግጥ የመጀመሪያው ነው። ብዙ ቆሞ ቆየ። ጫማዬ እርጥብ ነው፣ ምንጣፉን አቆሽሻለሁ አለ። ያን ምንጣፍ ሰው ካቆሸሸው ስንት ጊዜው።

በኋላ ሲቀመጥ እናቱ፣ እትዬ፣ ማሽን እንደታዘዘላቸው ነገረኝ። ሌሊቱን ሙሉ ኦክስጅን የሚሰጥ ማሽን። ባለቤቴ እንደነበረው ዓይነት።

«እኔ መንገድ ላይ ነኝ አክስቴ፤ አንዴ ከወጣሁ ሳምንት ሳይሞላ አልመለስም። ጎረቤት እንዳልል ደግሞ ፎቅ ላይ ምን ጎረቤት አለ» አለ። ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ ያሽከረክረው ጀመር።

«እዚህ ይምጡ» አልኩት።

«እሷ ናት እኮ ያለችው» አለ ቶሎ ብሎ። «እዚያ ክፍል አለ ያለችው ራሷ ናት። እኔ አላልኳትም።»

እትዬ ራሳቸው። ከቀብሩ ሰሞን ወዲህ ስልክ እንኳ ደውለውልኝ የማያውቁት እትዬ።

ከሄደ በኋላ ሁለት ብርጭቆ አጠብኩ። ሁለት ብርጭቆ ካጠብኩ ቆይቻለሁ። እጄ ውሃው ውስጥ እንዳለ ነው መብራቱ ትዝ ያለኝ።


ማክሰኞ፣ 4

ልክ ሲመሽ ጠፋ። ጣሪያዬ ላይ የሶላር ፓኔል ተደርድሮ እኔ በሻማ ተቀምጫለሁ። ባለቤቴ ሲያሠራው ሰፈሩ ሁሉ አንገቱን አቅንቶ ነበር የሚያየው። ቀን ፀሐይ ካለች ይሠራል። ሲመሽ የለም። ቀን እንኳ ቢሆን የመንግሥት መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ባትሪ የለውማ። ባትሪውን «ለሚቀጥለው ዓመት» ተባብለን ነበር። ማናችን እንዳልነው አሁን መጻፍ ምን ያደርጋል።

ባለሱቋ ሻማ ስትሰጠኝ «ጣሪያሽ ላይ ያለው ለጌጥ ነው እንዴ?» አለች። የዛሬ ሁለት ዓመትም ይህንኑ ብላኝ ነበር። ያኔም አሁንም ሳቅሁላት።

ባለቤቴ ያረፈበት ማታም የጠፋው በዚህ ሰዓት ነበር። ሐኪሙ ልቡ ነው ብሏል። መብራት ኖረም አልኖረ ልቡ ነው ብሏል።


ሐሙስ፣ 6

ሽቦ የሚሉትን ባለሙያ አስጠራሁ። ትክክለኛ ስሙን የሚያውቅ የለም። ሥራው ስለሆነ ነው የሚሉ አሉ፤ ሰውነቱን ያየ ግን ሌላ ምክንያት አይፈልግም። ጣሪያ ላይ ወጥቶ ብዙ ቆይቶ ወረደ።

«ፓኔሉ ደህና ነው፤ ወፍ ተጫውቶበታል እንጂ» አለኝ። «ኢንቨርተሩ፣ የፀሐዩን ወደ ቤት መብራት የሚቀይረው፣ ባትሪ ግን አይቀበልም። የመንግሥትን መስመር ተደግፎ ነው የሚሠራው፤ መስመሩ ሲሞት አብሮ ይሞታል። እሱን አውጥተን ባትሪ የሚቀበል እናስገባለን፣ ባትሪውን ግድግዳ ላይ እንሰቅላለን፣ ከዚያ አለቀ።»

ለእሱ ሁሉም ነገር «ከዚያ አለቀ» ነው።

«በዚህ ዝናብ ፀሐይ ከየት ይመጣል?»

«ፀሐይ ካነሰው መብራት ባለበት ሰዓት ከመስመሩ ይሞላል። ባትሪ ሆዳም ነው እናቴ፣ ከየት መጣ ብሎ አይጠይቅም። ቤቱን ሁሉ ግን አይሸከምም። ምድጃ፣ ካውያ፣ የውሃ ማሞቂያ ይርሱ። አንድ ክፍል እለይልዎታለሁ፤ መብራት ሲጠፋ የዚያ ክፍል አምፖልና ሶኬት ብቻ ይሠራል። ሁለት ካደረግኩት ማሽኑን እስኪነጋ አያደርስልዎትም። ታማሚዋ የት ነው የሚተኙት?»

የኋላውን ክፍል ከፈትኩለት።

ገብቶ ዞር ዞር አለ። «እርግጠኛ ነዎት? የፊተኛው ይሰፋል፤ መስኮቱም ጥሩ ነው።»

«እዚህ ነው» አልኩት። «ማሽኑ የሚቆመው እዚህ ጥግ ነው።»

ከአልጋው ራስጌ ግድግዳው ላይ በጠመኔ ምልክት አደረገ። ወደ በሩ ሲሄድ አስቆምኩት።

«መብራት ሲጠፋ ባትሪው እስኪቀበል ስንት ይፈጃል?»

«ዓይንዎን ጨፍነው እስኪገልጡ።»

«ማሽኑ አይጮህም?»

«ምን ያስጮኸዋል? መጥፋቱን መች ያውቅና።»

«ሰው ሩቅ ቢሆንስ? ወጥ ቤት ቢሆን?»

አየኝ። «ሰው ምን ያደርጋል እናቴ? ሰው ቤት ባይኖርም ይሠራል።»

ሰው ቤት ባይኖርም። ይህን ለራሴ እያልኩ አመሸሁ።


ዓርብ፣ 7

የኋላውን ክፍል አንሶላ ቀየርኩ። በየሳምንቱ እቀይረዋለሁ፤ አቧራ ስለሚይዝ ነው።


ሰኞ፣ 10

ዝናብ። ባትሪው አልመጣም። ሽቦ «መንገድ ላይ ነው» አለኝ። ጎርፍ መንገዱን ዘግቷል አሉ። የእትዬ ልጅ ደውሎ ቀኑን ጠየቀ። ቅዳሜ ሳምንት አልኩት። እንዲያው ከአፌ ወጣ።


ረቡዕ፣ 12

እንቅልፍ የለም። ስለዚህ ልጻፍ።

ማንበብ የተማርኩት ትምህርት ቤት ነው፤ ተማሪ ሆኜ ግን አይደለም። ክፍል አጸዳ ነበር። ሰሌዳውን ከመጥረጌ በፊት የተጻፈውን በጣቴ እከተላለሁ። መጀመሪያ ፊደሉን፣ በኋላ ቃሉን፣ እንዲህ እንዲህ እያልኩ ስድስት ክፍል ሙሉ ትምህርት በየማታው አየሁ። የተቻኮልኩ ቀን ሳላየው አጠፋዋለሁ። ማካፈል የማልችለው ለዚህ ይመስለኛል፤ ማካፈል የተማሩበት ሳምንት ቸኩዬ ነበር።

ባለቤቴ ደህና አድርጎ ተምሯል፤ መጽሐፍ ግን አይወድም። በእኔ ይስቅ ነበር። «አንቺ መጽሐፍ ከያዝሽ ሌባ ዕቃውን ጠቅልሎ ሲወጣ በሩን ዝጋው ነው የምትይው» ይለኛል። ተከፍቶ አይደለም። ለሰው ሲያወራኝ ሰምቼዋለሁ፤ «ሚስቴ አንባቢ ናት» ሲል ድምፁ ከፍ ይል ነበር።

አሁን መጽሐፍ እገልጣለሁ፤ ገጹ ግማሽ ሳይደርስ ጆሮዬ ይቆማል። ቤቱ ውስጥ የሚጮህ ነገር የለም። ተነሥቼ እስከ ኋላው ክፍል ሄጄ አያለሁ፣ እመለሳለሁ፣ የቱ መስመር ላይ እንደነበርኩ ይጠፋኛል። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ገጽ ጨርሼ አላውቅም። ድሮ ገጽ ሳልጨርስ አልነሣም ነበር።

የጋዙ ሰውዬም ትዝ ይለኛል። መብራት ቢጠፋ ተብሎ ከማሽኑ አጠገብ የምናቆመው የኦክስጅን ሲሊንደር ነበር። በቀብሩ ማግስት ሊወስድ መጣ። ማሳያውን አየና «ይሄ እንዳለ ነው፣ አልተነካም» አለ። ክፉ አስቦ አልነበረም። ሙሉውን ከባዶው መለየት ሥራው ነው።

እትዬ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ቦርሳቸውን አንሥተው ወጡ።

ሐኪሙ ልቡ ነው ብሏል።


ቅዳሜ፣ 15

ልጃቸው ደወለ። «ቆይ እሷን ላገናኝሽ» ብሎ ስልኩን አንድ ቦታ አስቀመጠው መሰለኝ። ጠበቅሁ። የወንበር መጎተት ሰማሁ። ከዚያ የእትዬን ድምፅ።

«እናንተ ወንዶች ሁሉ ነገር ቀላል ይመስላችኋል። እሷ መጽሐፍ ከያዘች ጆሮ የላትም። ወንድሜ ነው ያለኝ፣ እኔ አልፈጠርኩትም።»

«ታዲያ እማ፣ ለምን እሷ ጋ አልሽ?»

«የት ልበል? እስቲ አንተ ንገረኝ፣ የት ልበል?»

ቀስ አድርጌ ዘጋሁት። መልሶ ሲደውል መስመሩ ተቋረጠ አልኩት። እትዬ ስልኩን ተቀብለው «እንደምን ከረምሽ» አሉኝ። ደህና ነኝ አልኩ። «ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው?» አሉ። አይደለም አልኩ።


እሑድ፣ 16

መጻሕፍቱን በፌስታል ሞልቼ ሱቅ ወሰድኩ።

«ምን ላድርገው?» አለች ባለሱቋ።

«ጠቅልይበት።»

«አንቺ ሴትዮ ደህና ነሽ?»

«እንግዳ ይመጣብኛል። ቦታ ፈልጌ ነው።»

«እንግዳው መደርደሪያ ላይ ነው የሚተኛው?» ብላ ሳቀች። እኔ ስላልሳቅሁ ተወችው። አንዱን አንሥታ በጣቷ አሻሸችው፤ «ወረቀቱ ወፍራም ነው፣ ለጨው ይሆናል» አለች።

ስመለስ መንገዱ ረዘመብኝ። መደርደሪያው ባዶ ሲሆን ግድግዳው ላይ የመጻሕፍቱ ቅርፅ በነጭ ቀርቷል።


ማክሰኞ፣ 18

ጨው ገዛሁ። የተጠቀለለበትን መንገድ ላይ ቆሜ አነበብኩት። አንዲት ሴት ከልጇ ጋር ወንዝ ልትሻገር ስትጠብቅ ነው። ወንዙ ይጎድል አይጎድል ከተቀደደው ጋር ቀርቷል። ዝናቡ ወረቀቱን ሲያበሰብሰው ጨውም ፈሰሰ። ባለሱቋ በመስኮት እያየችኝ ነበር።

ባትሪው ነገ ይገባል ተብሏል።


ሐሙስ፣ 20

ገባ። ሽቦና አንድ ተሸካሚ ለሁለት አቅፈው አስገቡት። ነጭ ሳጥን ነው፤ ቁም ሣጥን ያክላል፣ ክብደቱ ግን ሌላ ነው። ኮሪደሩ ላይ ሰቀሉት። ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ሲቦረቡሩ፣ ገመድ ሲጎትቱ፣ አቧራው ወጥ ቤት ድረስ ገባ። ቤቱ ውስጥ ሰው ሲጯጯህ፣ መሰላል ሲወድቅ፣ ሲሰዳደቡ መስማት እንዴት ደስ ይላል። ሻይ አራት ጊዜ አፈላሁላቸው። ሽቦ «እናቴ፣ እኛን ነው ባትሪውን ነው የሚሞሉት?» አለኝ።

ሲጨርስ ዋናውን ብሬከር ጣለው። ቤቱ ሁሉ ጨለመ። ከኮሪደሩ ጫፍ፣ ከኋላው ክፍል በር ሥር፣ ብርሃን ቀረ።

«ይኸው። ከዚያ አለቀ» አለ።

ገባሁ። አምፖሉ በርቷል። ብርሃኑ አልጋው ላይ ወርዶ፣ ትራሱ ላይ ወርዶ፣ ጥጉ ሁሉ ወለል ብሎ ይታያል። ሽቦ ከውጭ «መልሼ ላብራው?» ሲል «ቆይ» አልኩት። ቆየ። ደግሞ ጠየቀ። ደግሞ ቆይ አልኩት። በኋላ «እናቴ፣ ሰው ቤት ይጠብቀኛል» ሲል ነው የወጣሁት።

ዓይኔ መቅላቱን ሲያይ አቧራው ነው አልኩት። አቧራም ነበር።


ቅዳሜ፣ 22

እትዬ መጡ። ከስተዋል። በትር ይዘዋል፤ በትሩን ግን ለመደገፍ ሳይሆን ዕቃ ለማመልከት ነው የሚጠቀሙበት። ሳሙኝ፤ ጉንጫቸው ቀዝቃዛ ነው። «ቤቱ እንደ ድሮው ነው» አሉ። ባዶውን መደርደሪያ አይተው ወደ እኔ አዩ።

ልጃቸው ማሽኑን እየገፋ ሳጥኑ ጋ ቆመ። «ባትሪው ይሄ ነው? ፍሪጅ ይመስላል። በይ ተገላገልን፤ ሲሊንደሩንም መለስኩት፣ ባትሪ ካለ ምን ያደርጋል።»

የኋላውን ክፍል በር ከፈትኩ። እትዬ ደጃፉ ላይ ቀጥ አሉ።

«እዚህ አልተኛም።»

«ተዘጋጅቶ ነው፤ አንሶላውም…»

«አልተኛም አልኩ እኮ።»

ልጃቸው በሁለታችን መሃል ማሽኑን ይዞ «እንግዲህ ወዴት ልግፋው?» አለ። እትዬ በበትራቸው አመለከቱ። ወደ ፊተኛው ገፋው።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ልጃቸው ሰዓቱን ያያል፣ ሞተር አላጠፋም፣ እትዬ ፊተኛው ክፍል ገብተው መስኮቱን እየከፈቱ ነው። «ይሄ ጥሩ ነው፣ መንገዱን አያለሁ» አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ ያላቸው መሰሉ።

አልተናገርኩም።


እሑድ፣ 23

ሽቦ ሌላ ከተማ ሥራ ሄዷል፤ ዓርብ ነው የሚመለሰው። በስልክ ስነግረው «የፊተኛው ይሻላል ብዬ ነበር» አለ። እስከዚያ ከኋላው ክፍል በማራዘሚያ ገመድ ይዘርጉ አለኝ።

ረጅም ማራዘሚያ ገዛሁ። ከኋላው ክፍል ጀምሬ ኮሪደሩን አቋርጬ ልዘረጋው ተንበረከክሁ። እትዬ «ምን ጠፋሽ?» አሉ ከፊተኛው ክፍል።

«ምንም» አልኩ።

ገመዱን ከዘረጋሁት ከየት እንደሚመጣ ይጠይቃሉ። ከዚያ ለምን እዚያ ይላሉ። ጠቅልዬ አልጋዬ ሥር አስገባሁት። ዓርብ ቅርብ ነው። እስከ ዓርብ ደጃፋቸው ላይ ወንበር ላይ እተኛለሁ።

ምን ዓይነት ሰው ነኝ።


ማክሰኞ፣ 25

ጠፋ። ሲመሽ። ወጥ ቤት ነበርኩ። ጮኸ። ያው ድምፅ ነው፣ አልተለወጠም። ቧንቧውን ሳልዘጋ ሮጥኩ። እትዬ ተቀምጠዋል፣ እጃቸው ደረታቸው ላይ። በጨለማ ከንፈራቸውን ማየት አልቻልኩም። ብብታቸውን ይዤ አነሣኋቸው። በአንድ እጄ እሳቸውን፣ በአንድ እጄ ማሽኑን። ኮሪደሩ ረዘመ። የኋላው ክፍል ቦግ ብሎ በርቷል። ማንም የሌለበት ክፍል። ሰካሁት። ጩኸቱ ቆመ።

አልጋው ላይ ናቸው። ይተነፍሳሉ። ወጥ ቤቱ ጎርፍ ሆኗል።


ረቡዕ፣ 26

ትናንት የፊታቸው ቀለም ሲመለስ መጀመሪያ የጠየቁኝ «ለምን እዚህ ብቻ በራ?» የሚል ነው።

«ባለሙያው ተሳስቶ ነው» አልኳቸው።

«ሰው የሚተኛበትን ሳይጠይቅ?»

«አዎ።»

እንዲህ ቀላል ነው ውሸት። ከአፌ ሲወጣ ሞቅ ያለ ነበር።

ዛሬ እዚያው ናቸው። ወደ ግድግዳው ዞረው ተኝተዋል። ምሳ ሳስገባ «እሱ በየትኛው ጎኑ ነበር የሚተኛው?» አሉ። ወደ በሩ ዞሮ አልኳቸው። እኔ ስወጣ ከግድግዳው ወደ በሩ ዞሩ።


ዓርብ፣ 28

ሽቦ መጣ። እትዬ በበትራቸው አስቆሙት።

«ሽቦ የሚሉህ አንተ ነህ?»

«ነኝ እናቴ።»

«ሰው ልትገድል ነበር፤ ታውቃለህ? ሙያ ካለህ መጀመሪያ የሚጠየቀው ታማሚው የት ይተኛል የሚለው አይደለም?»

ሽቦ ወደ እኔ ዞረ። ወለሉን አየሁ። የሚያድነኝ መስሎኝ ነበር፤ ለምን ያድነኛል። ሙያው ነው።

«ሁለቴ ጠይቄያለሁ እናቴ» አለ። ድምፁ አልተቆጣም። «እሳቸው ናቸው ያሳዩኝ። ጠመኔው እንኳ አልለቀቀም፣ ይኸው ራስጌዎ ላይ።»

እትዬ ጠመኔውን አዩት። ከዚያ በትራቸውን ዝቅ አደረጉ። ሽቦ ገመዱን ለክቶ «ነገ አዞረዋለሁ፣ ከዚያ አለቀ» ብሎ ወጣ። እኔን ሳያየኝ ነው የወጣው።

ማታ ጠሩኝ። አልጋው ላይ ተቀምጠዋል። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ።

«ለእሱ ነው ያስገባሽው» አሉ።

«ለእርስዎ ነው።»

«የት እንደምተኛ ሳትጠይቂኝ?»

ዓይኔ ጠመኔው ላይ ቀረ።

«ያን ማታ ማሽኑ ጮኋል?»

«ጮኋል።»

«የት ነበርሽ?»

«ወጥ ቤት።»

«ከወጥ ቤት እዚህ ሩቅ ነው? ባለፈው እኔን ያመጣሽኝ ቶሎ ነው።»

«ሩቅ አይደለም።»

ማሽኑ ይተነፍሳል። ከዚያ በኋላ ስለ መጽሐፍ አንድ ነገር ጠየቁኝ፤ መለስኩላቸው። እዚህ አልጽፈውም። እጃቸው ትራሱን ሲያቃና አየሁ፤ የተቃናውን ትራስ ደግመው አቃኑት።

«ሐኪሙ ልቡ ነው ብሏል፣ አይደል?» አሉ።

«ብሏል።»

«ለእኔም ብሎኛል። ታምኚዋለሽ?»

«ቀን ቀን አምነዋለሁ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አዎ ይሁን አይ ይሁን አላውቅም። «እዚህ የምቆየው ይቅር ብዬሽ እንዳይመስልሽ። መሄጃ ስለሌለኝ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ከየት ታውቂያለሽ?»

«ያን ቀን ልጅዎ ስልኩን አልዘጋውም ነበር።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ያ ልጅ ምን ዘግቶ ያውቃል» አሉ። «የመኪናውን በር ክፍት ትቶ ነው የሚያድረው።»

አልሳቅንም። ግን ለመሳቅ ቅርብ ነበርን ልበል።


ቅዳሜ፣ 29

ሽቦ መስመሩን ወደ ፊተኛው ክፍል አዞረ። እትዬ ኮሪደሩ ላይ ወንበር አስወጥተው ሲሠራ ያዩታል፤ ከትናንቱ ቁጣ በኋላ ወዳጆች ሆነዋል። «አንተ ልጅ፣ ትበላለህ ግን?» ይሉታል። «እበላለሁ እናቴ፤ ወዴት እንደሚሄድ ነው የማላውቀው» ይላል።

ሊጨርስ ሲል ወደ እኔ ዞረ። «የኋላውንስ? አንዱን ነው የሚሸከመው ብዬዎታለሁ። ልቁረጠው?»

እትዬ ወደ መስኮቱ ዞሩ። እኔን እንዳያዩኝ ነው የዞሩት፤ አውቄያለሁ።

የኋላውን ክፍል አየሁት። በሩ ክፍት ነው። በቀን ብርሃን ጠባብ ነው፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ጥግ።

«ቁረጠው» አልኩ።

መቁረጫው ትንሽ ድምፅ ነው ያለው። ጥፍር ሲቆረጥ ያህል። ያን ያህል ትንሽ ይሆናል ብዬ አልጠበቅሁም።

ከሰዓት የአልጋውን አንሶላ አነሣሁ። ሌላ አላነጠፍኩም።


ሐሙስ፣ 4

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ነበር። ልክ ሲመሽ ጠፋ።

ወጥ ቤት ነበርኩ። እጄ ላይ የያዝኩትን አስቀምጬ ቆምኩ። ጆሮዬ ቆመ፣ እግሮቼ ለመሮጥ ተሰናዱ። ምንም አልጮኸም። ማሽኑ ያንኑ ትንፋሹን ይተነፍሳል፤ መጥፋቱን አላወቀም። ከኋላው ክፍል በር ሥር ጨለማ ነው። ከፊተኛው ክፍል በር ሥር ብርሃን ይታያል። መሮጥ የሚያስፈልገው ነገር አልነበረም፤ እግሮቼን ግን ምን እንደማደርጋቸው ጠፋኝ። በጨለማው ቆሜ ቀረሁ። ብዙ ቆየሁ መሰለኝ።

«አንቺ» አሉ እትዬ።

«አቤት።»

«ጨለማ ውስጥ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ምንም።»

«ምንም የምታደርጊ ከሆነ እዚህ መብራት አለ። እዚህ ሆነሽ አድርጊው።»

ወንበር ይዤ ገባሁ። ከበሩ አጠገብ ላስቀምጠው ስል «ጠጋ በይ፣ እዚያ ንፋስ አለ» አሉ። ጠጋ አልኩ።

ይህን የምጽፈው እዚያው ሆኜ ነው። ቅድም «ምንድን ነው የምትጽፊው?» አሉኝ። ስለ መብራት ነው አልኳቸው። «ስለ መብራት ይህን ያህል የሚጻፍ ነገር አለ?» ብለው ወደ ግድግዳው ዞሩ። አሁን የተኙ ይመስለኛል። ሰፈሩ ሁሉ ጨልሟል፤ መብራት ገና አልመጣም።